ጋሽ ሙሄ እና የማይታየው ወጪ

ጋሽ ሙሄ ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ሐያት ናት። ኮምቦልቻ አንድ ሳይት ላይ ቆሜ ከግንበኛ ጋር በመስኮት ከፍታ እየተጨቃጨቅን ነበር። «ሐያቴ፣ ቆይ መልሼ ልደውልልሽ» ስላት «አትደውይ፤ አባዬ ሄደ» አለችኝ። የዙሁር ሰላታቸውን ሰግደው፣ ምሳቸውን በልተው ጋደም እንዳሉ ነው። ሳይታመሙ፣ ሰው ሳያስቸግሩ፣ በቃ። ግንበኛውን ከነመስኮቱ ትቼ ወደ ደሴ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

የሃረጎን ዳገት ስንወጣ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያበርታሽ» ይሉኛል። መሃል ላይ ግን ሳቅ አመለጠኝ። ጋሽ ሙሄ ቢያዩኝ ምን እንደሚሉ ታወቀኛ! «አንቺ ልጅ፣ ሥራ አስቁመሽ ለቅሶ ስትመጪ የሠራተኞቹን የዛሬ ውሎ የት መደብ ጻፍሽው?» ነበር የሚሉኝ። ሴትዮዋ ፈሩኝ መሰለኝ ወደ መስኮቱ ሸሸት አሉ።

ሰው ሲሞት ደግነቱ ብቻ ነው የሚወራ። ጋሽ ሙሄ ደግ ነበሩ፤ ነገረኛም ነበሩ። ሁለተኛውን ካልተናገርኩ የማላውቃቸውን ሰው እያወራሁ ነው። ደሴ ውስጥ አንዲት ትንሽ የግንባታ አማካሪ ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሠርተናል፤ እኔ ፕላን እነድፋለሁ፣ እሳቸው የነደፍኩትን ስንት እንደሚፈጅ ይተምናሉ። የቢስቲማ ልጅ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ ያችው ግራጫ ኮት። የሚናገሩት ሲኖራቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ያኔ ደንበኛው ባይገባውም እኔ ወንበሬን አስተካክዬ እቀመጣለሁ። «መርሀባ» ካሉ ደግሞ ተስማሙ ማለት እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ያወራው ሁሉ አንድም አልገባኝም፣ ጨርስና እኔ ልጀምር ማለታቸው ነው።

ሥራቸው ላይ አንድ አመል ነበራቸው። ሌላው ተማኝ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ብረት፣ ሲሚንቶ፣ የግንበኛ ዋጋ ብሎ ደምሮ፣ ከታች «ልዩ ልዩ» የምትል አንዲት መስመር ጣል አድርጎ ይዘጋል። ጋሽ ሙሄ «ልዩ ልዩ» የሚለውን ቃል ሲያዩ ደማቸው ይፈላል። «ልዩ ልዩ ማለት አላውቅም ማለት ነው። ካላወቅህ አላውቅም ብለህ ጻፍ!» ይላሉ። እሳቸው ሁልጊዜ ሁለት ክምር ነው የሚሠሩት፤ የሚታይ ወጪ እና የማይታይ ወጪ።

ደንበኛ ምንድነው የማይታየው ብሎ ከጠየቃቸው መነጽሩ ይወልቃል። «ቤትህ አልቆ፣ ጀሊሉ አያምጣውና፣ ቢፈርስ ፍርስራሹ ውስጥ ድንጋይህን ታገኛለህ፤ ብረትህን ታገኛለህ። የፕላን ክፍያውን ታገኛለህ? የአፈር ምርመራውን? የፈቃዱን? የዘበኛውን ደሞዝ? የባንኩን ወለድ፣ አስተግፊሩላህ፣ ታገኘዋለህ? ፍርስራሽ ውስጥ የማይገኝ ሁሉ የማይታይ ነው። እኔ ራሴ የማይታይ ነኝ፤ ይቺ ልጅም ከነፕላኗ።» እኔን በጣታቸው ያሳያሉ።

የማይታየውን ደግሞ ዝም ብለው አይቆልሉትም። መሬት ከመቆፈሩ በፊት የሚወጣ ለብቻ፣ ሲሠራ የሚወጣ ለብቻ፣ ቆርቆሮ ከለበሰ በኋላ የሚወጣ ለብቻ። ሰው የሚወድቀው መጨረሻው ላይ ነው ይሉ ነበር። ጣራውን ሲያይ የጨረሰ ይመስለዋል፤ የመብራት ቆጣሪው፣ የውሃው፣ የመጨረሻው ምርመራ ሲመጣ ኪሱ ባዶ ነው። ባለቤቱ ቤቱ እስኪያልቅ የሚከፍለውን የቤት ኪራይ ሳይቀር ይጽፉታል። «ሁለት ቤት ነው የምትሠራው፤ አንዱ ያንተ፣ አንዱ የአከራይህ» ይሉታል።

አንድ ጊዜ ለአንድ መጋዘን በሠሩት ግምት ላይ «ለለቅሶ» የምትል መስመር አስገቡ። አለቃችን ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ጋሽ ሙሄ፣ ሰው ይስቅብናል። እባክዎ መጠባበቂያ ውስጥ ይክተቱት።»

«መጠባበቂያ ይምጣ አይምጣ ለማይታወቅ ነገር ነው» አሉት። «ሞት መምጣቱን ትጠራጠራለህ?»

እኛ አገር ሰፈር ውስጥ ሰው ከሞተ የአርማታ ማሽን አይጮህም። ቅሬው፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ይጣራል፤ ግንበኛውም አሸዋ የሚያቀብለውም ቀብር ይወጣል። ማሽኑ ግን ቢቆምም ኪራይ ይቆጥራል። ይሄን ሁሉም ያውቃል፤ የሚጽፍ ግን የለም፤ ነውር ይመስላላ! አለቃችን ሰረዘው። ሥራው በተጀመረ በቅጡ ሳይሰነብት ከመጋዘኑ ጎን ያሉ አንድ ሽማግሌ አረፉ፤ ሥራው ቆመ፤ ባለ መጋዘኑ ስልክ እየደወለ ይጮህ ጀመር። አለቃችን አንገቱን ደፍቶ ወደኛ ክፍል ሲገባ እኔ በደስታ ልፈነዳ ነው። ጋሽ ሙሄ ግን «ኢናሊላህ» ብለው ኮታቸውን አንሥተው ለቅሶ ሄዱ። ስለ መስመሯ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔ ብሆን ዓመት እለፈልፍበት ነበር።

ሰዓዳ ወደ ቢሯችን የመጣች ቀን ትዝ ይለኛል፤ ስልኳን ገና ከመቀመጧ ዘርግታ ፎቶ አሳየችን። ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ ፊት ለፊቱ ሸጋ በረንዳ፣ ሥሩ ሱቅ። «እንደዚህ ነው የምፈልገው» አለች። ዕድሜዋን አረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የመጣች የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ከእናቷ ከእትዬ ዘሀራ ጋር በኪራይ ቤት ይኖራሉ፤ መሬቱ አለ፣ ገንዘቡ ያው ያጠራቀመችው ነው። «ይሄ ካለቀልኝ ሱቄን ከፍቼ፣ እናቴን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ወላሂ ሁለተኛ የሰው አገር አልሄድም» አለች። ቀጠለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ካላለቀ ግን... ኤጀንሲው እየደወለልኝ ነው። የድሮዋ ማዳሜ ፈልጋኛለች» አለች።

እኔ ወዲያው ወደድኳት። በረንዳዋንም ወደድኩ፤ ደረጃው በየት በኩል እንደሚወጣ በልቤ መንደፍ ጀምሬያለሁ። ጋሽ ሙሄ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ነገ ኮምቦልቻ እንወርድና ቀብር እንጎበኛለን» አሏት።

«ቀብር?» ሰዓዳ እኔን አየችኝ።

«አብሽሪ፣ የሰው አይደለም» አልኳት። ይሄ የጋሽ ሙሄ አሠራር ነው። ሌላው ባለሙያ ደንበኛውን ያለቁ፣ ቀለም የተቀቡ ቤቶች ያሳያል። እሳቸው ግን ተጀምረው የቀሩትን ነው የሚያስጎበኙት። ግድግዳቸው ቆሞ በር የሌላቸውን፣ ፍየል የሚያድርባቸውን። በየደጁ ቆመው እንደ ሐኪም ይጠይቃሉ፤ «ይሄ በምን ሞተ?»

ሰዓዳ የመጀመሪያውን አይታ «ሲሚንቶ ተወዶበት?» አለች።

«ኧረ ሲሚንቶውን ቀድሞ ገዝቶ ነበር። ፕላን ሲያስለውጥ፣ ፈቃድ ሲያሳድስ፣ እንደገና ሲያስለውጥ አለቀ።» ወደ ሁለተኛው ሄድን። «ይሄኛው የሞተው በሠርግ ነው። ልጁን ዳረ፤ ማሻአላህ ድግሱ ያምር ነበር።» ሦስተኛው ከፍ ያለ፣ ፊቱ ላይ በረንዳ የተጀመረለት ነው። እዚያ ጋ ሲደርሱ በምን ሞተ ብለው አልጠየቁም። ሰዓዳ ራሷ ጠየቀች።

«የማን ነው ጋሼ?»

«የአንዲት እንዳንቺ ያለች ልጅ።»

«የት ናት?»

«እዚያው አረብ አገር። ለማስጨረስ ብላ ተመልሳ ሄደች።»

እኔ ተናድጃለሁ፤ ልጅቷን ለምን ያስፈራሯታል ብዬ።

ግምቱ ሲወጣ ንዴቴ ባሰ። የሚታየውም የማይታየውም በሐቅ ከተጻፈ የሰዓዳ ገንዘብ የሚያደርሰው አንድ ወለል ብቻ ነው። ሱቅ፣ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ጓዳ፣ ጣራ፣ የሚቆለፍ በር፣ የሚበራ አምፖል። ፎቁ የለም፤ በረንዳዬም የለችም። በማይታየው ክምር ውስጥ ደግሞ «ለዘመድ» የምትል መስመር አለች፤ ያውም ወፍራም መስመር። ከአረብ አገር የመጣች ልጅ ላይ የማይመጣ የለማ! የአጎት ልጅ ይታመማል፣ የእህት ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ሰደቃ አለ፣ ለዱዓ የሚጠራ ሰው አለ።

በማግስቱ እትዬ ዘሀራ ራሳቸው ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ መጡ። አጭር፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያሰሩ፣ ዓይናቸው የሚናገር ሴት። በሩ ላይ ቆመው «ሙሄ የሚባሉት አንቱ ነዎት?» አሉ።

«ነኝ እትዬ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም! ዘመድን ወጪ ብለው የጻፉት አንቱ ነዎት? እኔ ልጄን ስትሄድ በሰው ዱዓ ነው የሸኘኋት፤ በሰው ዱዓ ነው የተመለሰችልኝ። አሁን ከዘበኛና ከቆጣሪ ጋር አንድ ላይ ይጽፉብኛል?»

ጋሽ ሙሄ በትዕግሥት ስለ ፍርስራሹ አስረዷቸው። እትዬ ዘሀራ ሳያስቡት ተቀምጠው አዳመጡ። ሲጨርሱ «ቤቱ ቢፈርስ ነው የሚሉኝ?» አሉ።

«አያምጣው እንጂ፣ አዎ።»

«እና ቤቱ ቢፈርስ ልጄን ከሥሩ ማን ነው የሚያወጣልኝ? ሲሚንቶው? ዘመዴ አይደለም? ፍርስራሹ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚገኘው እሱ አይደለም እንዴ?»

ጋሽ ሙሄ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ፣ ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ። «ረቱኝ! ወላሂ ረቱኝ!» ብለው እርሳሳቸውን አነሡና «ለዘመድ» የሚለውን ከማይታየው ክምር ሰርዘው ከድንጋይና ከብረት አጠገብ ጻፉት። «ከዛሬ ወዲያ ቦታው ይሄ ነው። ከዚህ ላይ ማንም አይቀንስም።»

«ጋሽ ሙሄ፣ ድምሩ እኮ ያው ነው!» አልኩ፤ አላስቻለኝም።

«ድምሩ ያው ነው። እትዬ ዘሀራ ግን ታርቀውኛል» አሉኝ። እትዬ ዘሀራም ፎቅ የለም ሲባሉ ቅር አላላቸውም። «አፈር ስሆን፣ እኔ በየትኛው ጉልበቴ ነው ደረጃ የምወጣው?» ብለው መርቀውን ሄዱ።

ሰዓዳ ግን አልታረቀችም። አንድ ኮንትራክተር በዚያው ገንዘብ ፎቁን ከነበረንዳው እሠራልሻለሁ ብሏታል። ስታለቅስ አየኋትና ጋሽ ሙሄ ላይ ወረድኩባቸው። ስንት ዓመት የሰው ሽንት ቤት ያጠበችበት ሕልሟ ነው፣ ለምን በእርሳስ ያጠፉባታል፣ ትጀምረውና አላህ ያውቃል አልኳቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አላወለቁም። እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሐያት ሁለት ጊዜ አረብ አገር ሄዳለች» አሉኝ። «የመጀመሪያው የራሷ ነው፤ ልጅነት ነው። ሁለተኛው የኔ ሂሳብ ነው።»

ሐያትን አውቃታለሁ፤ ሰኞ ገበያ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ሳቂታ ናት። ይሄን ግን ነግራኝ አታውቅም። ጋሽ ሙሄ የራሳቸውን ቤት ሲጀምሩ ሙያቸው ነውና ማንንም አላማከሩም። ድንጋይና ብረቱን ደመሩ፤ የቀረውን በመንገድ ላይ እንደርስበታለን አሉ። ቤቱ ጣራው ላይ ሲደርስ ገንዘብ አልቆ ቆመ። ሐያት ከመጀመሪያው ጉዞዋ ከመጣች ገና ሻንጣዋ አልተፈታም። ግድግዳውን ዞራ አየችው፤ ለአባቷም ለእናቷም ሳትነግር ኤጀንሲ ሄዳ ተመዘገበች።

«ስትመለስ ቤቱ አልቋል» አሉኝ። «እናቷ ግን በሕይወት አልነበረችም። ይሄን የት መደብ ልጻፈው ልጄ? እስካሁን አላወቅሁም።»

«ለሰዓዳ ይንገሯት» አልኳቸው።

«አልነግራትም። ቀብሩን አሳየኋት፣ ሂሳቡን ሰጠኋት። ከዚህ ካለፍኩ ማስፈራራት ይሆናል፤ ገንዘቡም ዕድሜውም የሷ ነው።»

እውነትም አልነገሯትም። እኔም አልነገርኳትም። ሰዓዳ ስትሄድ ስትመጣ ሰንብታ አንድ ቀን ብቻዋን መጣች፤ ዓይኗ አብጧል። «በአንድ ወለል ይሁን» አለች፤ «መሠረቱና ምሶሶው ግን ፎቅ የሚችል ይሁንልኝ። ምናልባት...» ጋሽ ሙሄ «መርሀባ» አሉ። ያን ቀን ግን መርሀባው የእውነት ነበር።

ቤቱ ያለ ጭንቅ አለቀ ብል እዋሻለሁ። መሃል ላይ የሰፈሩ ሰው ሞቶ ሥራ ቆሟል፤ ፈቃዱ ዘግይቷል፤ የእትዬ ዘሀራ ወንድም ታሞ ሰዓዳ ወጪ አውጥታለች። ግን ለሁሉም ቦታ ነበረው። ገንዘብ አነሰ ተብሎ ሥራ የቆመበት ቀን የለም። እኔ ለክትትል ስወርድ ጋሽ ሙሄም ኮታቸውን አንሥተው አብረውኝ ይወርዳሉ፤ ምንም አይሠሩም፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከእትዬ ዘሀራ ጋር ይከራከራሉ። ዱዓ ከብረት ይቀድማል፣ አይቀድምም። ሁለቱም መሸነፍ አይወዱም። እነዚያን ቀናት እወዳቸው ነበር።

የጣራው ቀን ግን ነገር መጣ። ግንበኞቹ በአገሩ ልማድ የምሶሶውን ብረት፣ ፌሮውን፣ ከላይኛው አርማታ በላይ አስረዝመው ትተውታል። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ነገ ፎቅ ሲመጣ ከዚያ እንዲቀጥል። አናጺው ቆርቆሮውን ይዞ ሲወጣ በየማዕዘኑ ብረት ቆሞ አገኘው። ከላይ ሆኖ ተጣራ፤ «ባለቤቷ! ቆርቆሮውን ቀድጄ ብረቱን ላሳልፈው ወይስ ብረቱን ልቁረጠው?»

እኔ ፈጥኜ «አሳልፈው፤ ምሶሶው ለፎቅ ነው የተሠራ። ዙሪያውን በደንብ እንደፍነዋለን» አልኩ። እንደ ባለሙያ ትክክል ነኝ። ጋሽ ሙሄን አየኋቸው። በሁሉ ነገር አስተያየት ያላቸው ሰውዬ ያን ጊዜ መሬት መሬት ያያሉ።

ሰዓዳ ቀሚሷን ሰብስባ በመሰላሉ ወጣች። እናቷ ከታች «ኧረ ያረቢ፣ ትወድቂያለሽ!» ይላሉ። አንዱን ፌሮ በእጇ ይዛ ቆመች። ከዚያ ላይ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፣ የሃረጎ መንገድ፣ ሁሉም ይታያል።

«ጋሼ» አለች ከላይ። «ይሄ ብረት እንደቆመ ከቀረ በየትኛው ገንዘብ ነው የሚጨረሰው?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ ልጄ» አሉ።

«ኤጀንሲው ትናንትም ደውሎ ነበር» አለች፤ ለማን እንደምትናገር እንጃ። «እስቲ ላስብበት ብዬዋለሁ። እዚህ ሆኜ ማታ ማታ ይሄን ብረት ሳይ ላስብበት እያልኩ ልኖር ነው እንዴ?» ከዚያ ወደ አናጺው ዞረች። «ቁረጠው።»

«እህቴ፣ ኋላ ይቆጭሻል» አላት።

«ቁረጠው አልኩህ! ሁሉንም። እኔ እዚሁ ነኝ።»

የብረት መጋዙ ሲጮህ እትዬ ዘሀራ እልል አሉ። ቀድመው እልል ያሉት እሳቸው፣ ቀድመው ያለቀሱትም እሳቸው። ጎረቤቱ በሙሉ ምን ተገኘ ብሎ ወጣ። እኔም ስንት ቀን የነደፍኩት ፎቅ ሲቆረጥ ቆሜ እያጨበጨብኩ ነበር፤ ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ያኔ ማስረዳት ባልችልም ደስ አለኝ።

ጋሽ ሙሄ ግን አጠገቤ የሉም። ፈልጌ ሳገኛቸው ከቤቱ ጀርባ፣ ገና ባልደረቀው ልስን አጠገብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሯቸው ላይ አድርገዋል። ጠጋ ስል ሰማኋቸው።

«ሐያቴ... ኧረ ምንም አልሆንኩም። ደህና ነኝ። ምሳ በላሽ ወይ ብዬ ነው።»